«ባለቤቴ የቡናችንን ገንዘብ ለካሜራ ሊያወጣው ነው!»

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል የመረጥኩት በአንድ ካሜራ ምክንያት ስለተኮራረፉ ባልና ሚስት የሚያወራውን ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም በብዙ ቤት ያለ ጣጣ ነው። ካሜራ የሚለውን አውጥታችሁ ባጃጅ፣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም ወፍጮ ብትሉት ክርክሩ ያው ነው። ደብዳቤው ረዘም ስላለ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልዎት ከካፋ ዞን፣ ከሺሺንዳ ነው። ዕድሜዬ 29 ነው። ትዳር ከያዝኩ ሰባት ዓመቴ ሲሆን ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ትንሽ ፎቶ ቤት አለው። ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ሰርግና ምርቃት ሲገኝም ይሄዳል። እኔ ከቤተሰብ የደረሰንን የቡና ማሳ እይዛለሁ። ዘንድሮ ቡናው ደህና ዋጋ አወጣልን። በገንዘቡ የቤታችንን ጣሪያ ልንቀይርና ለትልቁ ልጅ ትምህርት ልናስቀምጥ ተነጋግረን ነበር።

አሁን ግን ባለቤቴ በቴሌግራም አዲስ አበባ ያለ አንድ ያገለገለ ካሜራ አግኝቷል። ኒኮን ዲ4 የሚባል ነው። አሁን የያዛት ትንሿ ኒኮን አርጅታለች። ‹ፕሮፌሽናል ካሜራ ከሌለኝ ከቦንጋና ከሚዛን የሚመጡት ፎቶ አንሺዎች ሰርጉን ሁሉ ይወስዱብኛል› ይላል። ሻጩ ‹ምንም ያልተነካ ነው፣ ብሩን ቶሎ ላክ፣ ሌላ ፈላጊ አለ› ብሎታል። ዋጋው የቡናውን ገንዘብ ከሞላ ጎደል ይጨርሰዋል። እኔም ‹ሰው ሁሉ በስልኩ እያነሳ ይሄ ጡብ የሚያክል ነገር ምን ያደርግልናል?› ብዬ ብጠይቀው ‹ሥራዬን ናቅሽ› ብሎ ተቆጣ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም። እምቢ ብል ሥራውን የገደልኩበት፣ እሺ ብል የልጆቼን ገንዘብ የበተንኩ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ካሜራው እውነት እሱ እንደሚለው ነው? ምን ይመክሩኛል?»

ግራ የገባኝ ሚስት፣ ከሺሺንዳ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ እንደ አምድ አዘጋጅ፣ አንዴ እንደ ፎቶ አንሺ። ይሄን አምድ ከመያዜ በፊት ለዓመታት እንጀራዬን የበላሁት በካሜራ ስለሆነ የባለቤትሽ ምኞት ይገባኛል። የአንቺም ፍርሃት ይገባኛል። ሁለታችሁም የምትናገሩት እውነት አላችሁ። ችግሩ እሱ ስለ ዕቃው፣ አንቺ ስለ ገንዘቡ ብቻ መናገራችሁ ነው። እስቲ መጀመሪያ ዕቃውን እንየው፤ ገንዘቡ ላይ እንደርሳለን።

ይሄ «ጡብ» ምንድን ነው?

ጡብ ያልሽው አልተሳሳትሽም። ዲ4 ወርዱ 16 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 15.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 9 ሳንቲ ሜትር ነው። ከነባትሪው 1,340 ግራም ይመዝናል፤ ያውም ሌንስ ሳይገጠምለት። ኒኮን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ሲሆን በጊዜው የኩባንያው ቁንጮ ካሜራ ነበር። ያን ዓመት ጥሩነሽ ዲባባ፣ መሠረት ደፋርና ቲኪ ገላና ከለንደን ኦሊምፒክ ወርቅ ይዘው ሲመለሱ፣ በውድድሩ ዳር ቆመው ያነሷቸው ጋዜጠኞች የሚይዙት እንዲህ ዓይነቱን ካሜራ ነበር። ቲኪ ማራቶኑን ያሸነፈችበት ቀን ደግሞ ዝናብ ነበር። ዕቃው የተሠራው ለእንደዚያ ላለው ቀን ነው። ቀፎው ማግኒዚየም ከሚባል ቀላልና ጠንካራ ብረት የተሠራ ሲሆን በየመገጣጠሚያው አቧራና ጠብታ የሚከላከል ጎማ አለው።

ዓይነቱ ዲጂታል ኤስ.ኤል.አር. ይባላል። በሌንሱ የገባው ብርሃን ውስጥ ባለ መስታወት ነጥሮ ወደ ዓይን ይመጣል። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ሹተሩ ተከፍቶ ይዘጋል፣ ፎቶው ይያዛል። በሰርግ ላይ «ቷ! ቷ!» ሲል የምትሰሚው ድምፅ ይኸው ነው። ዲ4 ይሄን በሰከንድ 10 ጊዜ ያደርገዋል።

እጁ ለምን ወደደው?

ባለቤትሽ የወደደው ስሙን ብቻ እንዳይመስልሽ። አሁን የያዛት ዓይነት ትንንሽ ካሜራ ብዙውን ጊዜ አንድ መዘውር ብቻ ነው ያለው። ብርሃን ለመቀየር ቁልፍ ተጭኖ መዘውሩን ማዞር፣ አንዳንዴም ዓይንን ነቅሎ ከስክሪኑ መፈለግ ግድ ይላል። ያን ጊዜ ሙሽራይቱ ስቃ ጨርሳለች። ፕሮፌሽናሉ ካሜራ ግን ከፊት ለጠቋሚ ጣት፣ ከኋላ ለአውራ ጣት መዘውር አለው። ፎቶ አንሺው ዓይኑን ሳይነቅል ሁሉንም በጣቱ ይቀያይራል። የለመደ ሰው እንደ ክራር ተጫዋች ነው፤ ጣቱን አያየውም።

ሌላው መያዣው ነው። በቀኝ እጅ የሚጨበጠው ቦታ ጠለቅ ያለ ስለሆነ ጣቶች ሁሉ ቦታ አላቸው። እዚያ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት የጣሊያናዊው ንድፍ አውጪ የጆርጄቶ ጁጃሮ ናት። ይሄ ሰው የፊያት ኡኖንና የቮልስዋገን ጎልፍን ቅርፅ ያወጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1980 ከወጣው ኤፍ3 ጀምሮ የኒኮንን ትልልቅ ካሜራዎች ሲነድፍ ኖሯል።

ካሜራው ከታች የረዘመው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ሙሽራና ሙሽሪት ከእግር እስከ ራስ ሲነሱ ካሜራው በቁሙ መዞር አለበት። በትንሿ ካሜራ ያን ጊዜ ቀኝ ክንድ ወደ ላይ ይሰቀላል። በእነ ዲ4 ከታችኛው ጥግ ሁለተኛ መጫኛና ሁለተኛ መዘውሮች ስላሉ ክንድ እንደ ወትሮው ወደ ታች ወርዶ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ሚዜ ሲያሰልፍ ለዋለ ሰው ይሄ ትልቅ ዕረፍት ነው። ከዚህ ሌላ ቁልፎቹ በጨለማ ይበራሉ። መብራት በደከመበት ዳስ ውስጥም ትንሿ ካሜራ ከምታነሳው በተሻለ ጥራት ያነሳል። አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪው እንደ ኩባንያው ልኬት ወደ 2,600 ፎቶ ያነሳል። መብራት ሲጠፋ ለሚያድርበት ከተማ ይሄም ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ባለቤትሽ «ጥሩ ካሜራ ነው» ሲል እውነቱን ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ ግን «ለእናንተ ጥሩ ግዢ ነው ወይ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የአንቺ ተራ ይመጣል።

ሻጩ ያልነገረው ወጪ

በቴሌግራም የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ «ቦዲ» ነው፤ ማለትም ካሜራው ብቻ። ሌንስ የሌለው ካሜራ ጀበና የሌለው ቡና ማለት ነው። «የትንሿን ካሜራ ሌንስ እገጥምለታለሁ» ይል ይሆናል። የትንሿ ሌንስ ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ ከሆነ ዲ4 ላይ ይገጠማል፤ ነገር ግን ካሜራው የፎቶውን መሐል ብቻ ቆርጦ ስለሚወስድ 16.2 ሜጋፒክስል የነበረው ወደ 7 ገደማ ይወርዳል። የፈረስ ዋጋ ከፍሎ በበቅሎ እርምጃ መሄድ ነው።

ለሰርግ የሚመረጠው ባለ 24-70 ሌንስ (ያ ሰፊ ብርሃን የሚያስገባው) ብቻውን 900 ግራም ይመዝናል። ከካሜራው ጋር 2 ኪሎ ከ240 ግራም ሆነ። ፍላሽ ሲጨመርበት ሁለት ኪሎ ተኩልን ያልፋል። ከጠዋቱ የሙሽሪት ቤት እስከ ማታው ዳስ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለው ይሄ ነው።

ፍላሹም ሌላ ግዢ ነው። ትንንሾቹ ካሜራዎች ራሳቸው ላይ ብቅ የምትል ፍላሽ አለቻቸው። ዲ4 የለውም። ጉርድ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይሄን አለማወቅ ከባድ ነው።

ሚሞሪውም አለ። ዲ4 በየሱቁ የሚገኘውን ትንሹን ኤስዲ ካርድ አይቀበልም። አንዱ ቀዳዳው ኮምፓክት ፍላሽ፣ ሌላው ኤክስኪውዲ የሚባል ካርድ ነው የሚወስደው። ኤክስኪውዲ አሁን በዓለም ገበያም እየጠፋ ያለ ዕቃ ነው። እሱን የተካው አዲሱ ካርድ ደግሞ ቅርፁ አንድ ቢሆንም ዲ4 ላይ አይሠራም። ኮምፓክት ፍላሹ ይገኛል፤ ግን ለኮምፒውተሩ የራሱ ማንበቢያ ያስፈልገዋል። ሙሽሮቹ በማግስቱ «ፎቶው የታለ?» ሲሉ ማንበቢያ ፍለጋ ጅማ መሄድ እንዳይመጣ።

ባትሪውና ቻርጀሩም ለእነዚህ ትልልቆቹ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ከጎረቤት ፎቶ አንሺ ተበድሮ ማዋል አይቻልም።

እህቴ፣ ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ባልሽን እንድትረቺበት አይደለም። አብራችሁ ወረቀት ላይ እንድትደምሩት ነው። ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ካርድ፣ ማንበቢያ፣ ተጨማሪ ባትሪ። ድምሩ ከቡናው ገንዘብ ካለፈ፣ ካሜራው ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል እንጂ ሰርግ ላይ አይወጣም።

«ያልተነካ» የሚባል ያገለገለ ዕቃ የለም

እንዲህ ያለ ካሜራ እስከ ሺሺንዳ ሰው እጅ የሚደርሰው ለምን መሰለሽ? ዓለም መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች እየዞረ ስለሆነ ነው። ኒኮን የመጨረሻውን ቁንጮ ባለ መስታወት ካሜራ፣ ዲ6ን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በ2021 ያወጣው ዜድ9 መስታወትም ሆነ የሚንቀሳቀስ ሹተር የለውም። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች የድሮዎቹን እየሸጡ ነው። በሌላ በኩል ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ ለገበያ ስለተለቀቀ አዲስ ካሜራ ለእኛ ሰው ሰማይ ሆኗል። ያገለገለ መግዛት እንግዲህ ነውር የለውም። ብልህነትም ሊሆን ይችላል። ግን የዛሬ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የተሠራ የጋዜጠኛ ካሜራ «አልተነካም» የሚል ሰው፣ ወይ ካሜራ አያውቅም፣ ወይ እናንተን አላዋቂ አድርጓል።

ሹተር እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ኒኮን የዲ4ን ሹተር የፈተነው ለ400,000 ጊዜ ነው። ይሄ ቁጥር የሞት ቀን አይደለም፤ ከዚያ በፊት የሚሰበር አለ፣ አልፎ የሚሄድም አለ። መመዘኛ ግን ይሆናል። ባለቤትሽ በወር ሁለት ሰርግ አግኝቶ በእያንዳንዱ 1,000 ጊዜ ቢጫን በዓመት 24,000 ነው። ከጉርድና ከምርቃቱ ጋር 30,000 እንበለው። ካሜራው እስካሁን 100,000 ጊዜ ከተጫነ በዚህ ስሌት የአሥር ዓመት ሥራ ይቀረዋል። 350,000 ጊዜ ከተጫነ ግን የቀረው ሁለት ዓመት የማይሞላ ነው። ሁለቱም ካሜራዎች በፎቶ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሻጩ አጽድቶ ያቀርባቸዋላ!

ስለዚህ ባለቤትሽ የሚከተለውን ያድርግ።

1ኛ. ሻጩ በዚያው ቀን ያነሳውን አንድ ፎቶ፣ ሳይነካካ፣ እንደ ፋይል ይላክለት። በቴሌግራም «ፎቶ» ተብሎ ከተላከ ውስጡ ያለው መረጃ ይጠፋል። የኒኮን ፋይል ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ በውስጡ ይመዘግባል፤ ይሄን የሚያነቡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። «አይሆንም» የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

2ኛ. የባትሪውን ዕድሜ ይጠይቅ። በካሜራው ሜኑ ውስጥ የባትሪ መረጃ የሚል አለ፤ ከ0 እስከ 4 ቁጥር ይሰጣል። 0 አዲስ ነው፣ 4 ጡረታ የደረሰ ነው።

3ኛ. ጎማዎቹ ተላቀው በማስቲሽ እንደተለጠፉ፣ ሌንስ የሚገጠምበት ብረት እንደተቧጨረ ይታይ። ብረቱ በጣም የተፋቀ ከሆነ ካሜራው ብዙ አገር አይቷል። ቀዳዳውን አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ በማንሳት ነጠብጣብ መኖሩንም ማየት ይቻላል።

4ኛ. ሁሉም ቁልፎች፣ በተለይ የታችኛው መጫኛ፣ አንድ በአንድ ይሞከሩ። ብዙ ሰው የላይኛውን ብቻ ሞክሮ ይገዛል።

5ኛውና ዋናው፣ ገንዘብ አስቀድሞ አይላክ! አዲስ አበባ ከእናንተ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። «ሌላ ፈላጊ አለ፣ ቶሎ በል» የሚለው ቃል የአጭበርባሪ ሁሉ መዝሙር ነው። እዚያ ያለ ዘመድ ወይም የታመነ ባለሙያ ዕቃውን በእጁ ይዞ፣ አይቶ፣ ሞክሮ፣ እጅ በእጅ ይክፈል። ዘመድ ከሌለ ባለቤትሽ ራሱ ይሂድ። የአውቶቡሱ ዋጋ ከጠቅላላው ኪሳራ ይሻላል።

የሺሺንዳ ዝናብና ሻጋታ

ካፋ ዝናብ የማይለየው፣ ደን የከበበው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው በዚሁ ደኑ ነው። ለቡና የተባረከ አየር ለሌንስ ጠላት ነው። የካሜራው ጎማ ጠብታ ይከላከል ይሆናል፤ በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ግን አያስቆምም። ሌንስ በቆዳ ቦርሳ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ወር ከቆየ በመስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ይበቅልበታል። ሥር ከሰደደ የመስታወቱን ቅብ ይበላዋል፣ ፎቶውም ጭጋግ የለበሰ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ እህቴ፣ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ቡና አልጋ ላይ ሲሰጣ፣ ደመና ሲመጣ ሲሸፈን፣ እርጥበቱ ወደ 11 እና 12 በመቶ ሳይወርድ ጎተራ ከገባ እንደሚሻግት ታውቂያለሽ። ሌንስም ያው ነው። ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ግዙ። ውስጡ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት፣ ሲሊካ ጄል የምትባለውን፣ በርከት አድርጋችሁ አስቀምጡ። በየጊዜው ደረቅ ሙቀት ላይ እያደረቃችሁ መልሱ። ሩዝ የሚያደርጉ አሉ፤ ዱቄቱ ሌንስ ውስጥ ይገባልና ይቅርባችሁ። ዕቃው ጭስ ካለበት ማድቤት ይራቅ። ፀሐይ በወጣች ቀን ሌንሱ ወጥቶ ብርሃን ይቅመስ፤ ተጠቅመንበት ሲቆይ ከመደርደሪያ ይልቅ ሥራ ላይ ያለ ሌንስ ነው የማይሻግተው።

በዝናብ ቀን ሌንስ መቀየር ካስፈለገ ለነፋሱ ጀርባ ሰጥቶ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍቶ ነው። ከብርዱ ወደ ሞቀ ዳስ ሲገቡ ደግሞ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ጥቂት ይቆይ፤ አለዚያ መስታወቱ ላብ ያወጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የቡና ገንዘብ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ዛሬ የተሳሳተ ውሳኔ ቢወሰን የሚታረመው በሚቀጥለው ለቀማ ነው። የፎቶ ቤት ገንዘብ ግን በየቀኑ ጠብ ጠብ የሚል ነው። ስለዚህ የዓመቱን ገንዘብ ጠብታ በምታመጣ ዕቃ ላይ በአንድ ቀን ማፍሰስን አልደግፍም። መጀመሪያ የልጁ ትምህርትና የጣሪያው ይለይ፤ ይሄ አስቀድሞ የተነጋገራችሁበት ስለሆነ ቃል ነው። የካሜራው በጀት የሚሰላው ከዚያ በተረፈው ነው።

ሁለተኛ፣ ባለቤትሽ ባለፈው ዓመት የሄዱበትን ደንበኞች አንድ በአንድ ያስባቸው። የሄዱት ካሜራው ትንሽ ስለሆነ ነው? ወይስ አልበሙ ዘግይቶ ስለደረሰ? ወይስ ማታ የተነሳው ጨልሞ ስለወጣ? መልሱ የሚገዛውን ዕቃ ይመርጥለታል። ጨልሞ ከሆነ መድኃኒቱ ፍላሽና ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው። ዘግይቶ ከሆነ ምንም ካሜራ አያድነውም።

ሦስተኛ፣ ከመግዛቱ በፊት አንድ ሰርግ በኪራይ ይሥራበት። ጅማ ወይም ቦንጋ ካለ የሙያ ጓደኛ እንዲህ ያለውን ከባድ ካሜራ ለአንድ ቀን ቢከራይ፣ ማታ ትከሻው ራሱ ይመክረዋል። አያያዙንም ይለማመድበት፦ ግራ እጅ ከሌንሱ ሥር እንደ ወጭት ተዘርግቶ፣ ሁለቱ ክርኖች ጎን ላይ ተጣብቀው፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ መጫን። በደንብ ከተያዘ ክብደቱ ራሱ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳል። ካልተያዘ ግን ሥቃይ ነው።

አራተኛ፣ «ፕሮፌሽናል» የሚለው ቃል አያስረው። ለምሳሌ እዚያው ከኒኮን ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዲ750 አለ። ሴንሰሩ እንደ ዲ4 ሙሉ መጠን ያለው ሆኖ 24.3 ሜጋፒክስል ነው። ከነባትሪው 840 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ከዲ4 ግማሽ ኪሎ ይቀላል። ተራውን ኤስዲ ካርድ ይቀበላል፤ ያውም ሁለት፣ አንዱ ቢበላሽ የሰርጉ ፎቶ በሌላው እንዲተርፍ። ሁለት መዘውሮች አሉት፣ ስክሪኑ ይታጠፋል፣ ብቅ የምትል ፍላሽም አለችው። ከዲ4 የሚያንሰው በሰከንድ 6.5 ፎቶ በማንሳቱ፣ ሹተሩ ለ150,000 ጊዜ በመፈተኑና የታችኛው መጫኛ በሌለው ነው። የሺሺንዳ ሙሽራ ደግሞ እንደ ቲኪ ገላና አትሮጥም። ይሄኛውም ቢሆን ቅድም በቆጠርኳቸው አምስት ወንፊቶች ይጣራ።

አምስተኛ፣ የግዢው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ፍላሽ፣ ቀጥሎ ሌንስ፣ በመጨረሻ ካሜራ ይሁን። ባለ 50 ሌንስ፣ ብርሃን እስከ 1.8 የሚከፈተው፣ ርካሽና ቀላል ነው። አሁን ባላት ካሜራ ላይ ከሚሠራው ዓይነት መርጦ ቢገዛ ነገውኑ የማታ ፎቶው ሲለወጥ ያየዋል። በዚያ ሌንስና በፍላሹ ያገኛት ትርፍ ለካሜራው ትጠራቀም። የሠራ ዕቃ ሌላ ዕቃ ይግዛ።

ለባለቤትሽ አንድ ቃል

ወንድሜ፣ ሚስትህ ይሄን ጋዜጣ ታሳይህ ይሆናል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 ገደማ አገራችን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። ሸመልስ ደስታም ከእነሱ በኋላ ለብዙ ዓመት በቤተ መንግሥት አነሳ። ዛሬ ፎቶዎቻቸውን የሚያይ ሰው «ፊቱ እንዴት ተነሳ!» ይላል እንጂ «ካሜራው ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ከቦንጋና ከሚዛን የሚመጡትን የምትበልጣቸው ሙሽራይቱን በስሟ በመጥራት፣ አያቷን ሳይረሱ በማንሳት፣ አልበሙን በቀጠሮው ቀን በማድረስ ነው። አንተ የአገሩ ልጅ ነህ፤ ይሄ በገንዘብ አይገዛም። ጥሩ ካሜራ መመኘትህ ግን ሙያህን ማክበርህ ነውና አትፈርበት። ይደርሳል።

አንቺም እህቴ፣ «ጡብ» የሚለውን ቃል መልሺው። እሱን የጎዳው «አይገዛም» ማለትሽ አይመስለኝም፤ ሕልሙን በአንድ ቃል ማቅለልሽ ነው። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቡና አፍልተሽ «ካሜራውን አስረዳኝ፣ ምኑ ነው ደስ ያለህ?» ብለሽ ጀምሪ። ይናገር። ጨርሶ ሲያበቃ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጪ፣ ሌንሱን፣ ፍላሹን፣ ካርዱን አብራችሁ ደምሩ። ከዚያ በኋላ የሚወሰነው የሁለታችሁ ውሳኔ ይሆናል። ካሜራው ሲገዛም የፎቶ ቤቱን ቀብድ የምትቀበይው፣ ደብተሩን የምትይዥው አንቺ ሁኚ። ቡናሽ የገባበት ሥራ ነውና ትርፉንም ኪሳራውንም ማወቅ ይገባሻል።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጣሪያውና የልጁ ትምህርት ገንዘብ ተጽፎ ይቀመጥ። ሻጩ ነገ ደውሎ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ካለም ይውሰደው። እንዲህ ያሉ ካሜራዎች ዋጋቸው በየዓመቱ እየወረደ ነው፤ የታገሰ የሚጎዳበት ገበያ አይደለም።

ቸር ይግጠማችሁ። ሌሎቻችሁም አንባቢዎቼ፣ በቤታችሁ ያለውን ጭንቀት ጻፉልኝ፤ ስማችሁ አይወጣም።